ለዓይኔ ሄጄ "ደሜን ካልወሰዳችሁ" ያልኩ ዕለት

ሰው "ከሞት አፋፍ ተመለስኩ" ብሎ ገጠመኙን ሲያወራ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። የእኔ እንዲያ አይደለም። እኔ የተመለስኩት ከአንድ የዓይን ክሊኒክ በር ላይ ነው፣ ለዚያውም ጥዬ ልወጣ ስል። ቢሆንም ያን ዕለት ጠዋት እግሬ ወደ ውጭ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው እኔ አልሆንም ነበር፤ ልጄ ትጽፍልኝ ነበር፣ ያውም በስዊድንኛ።

ዘውድነሽ እባላለሁ። የምኖረው ስቶክሆልም፣ ፊቲያ፣ ከሐይቁ በላይ ከተደረደሩት የኪራይ ፎቆች በአንደኛው ነው። በደርግ ዘመን በሱዳን አድርጌ ወጣሁ፣ እዚህ ደረስኩ፣ ጡረታ እስክወጣም "ሄምቻንስት" በሚባለው ሥራ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ ስረዳ ኖርኩ። ምግብ ማሞቅ፣ ካልሲ ማልበስ፣ ክኒን ማስታወስ፣ ዓይን ላይ ጠብታ ማንጠብጠብ። የስንቱን ስዊድናዊ ዓይን እንዳንጠበጠብኩ እግዜር ይቁጠረው። ጠዋት ለዓይናቸው ኦፕራሲዮን ወጥተው ለምሳ ቤታቸው ይደርሱ ነበር። "ዛሬ የተሠራሽው ጸጉርሽን ነው ዓይንሽን?" እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። ተራው የእኔ ሲሆን ግን ቀልዱ ሁሉ ጠፋኝ።

የእኔ ዓይን የጨለመው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ መስኮቱ የቆሸሸ መስሎኝ ስወለውል ከረምኩ። ቀጥዬ አምፖሉ ላይ አሳበብኩ፤ ልጄ ሰላም የቤቱን አምፖል በሙሉ ቀየረችልኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው የምለየው በድምፁ ሆነ፤ ዝም ብሎ ያለፈኝ ሁሉ የናቀኝ እየመሰለኝ ስንቱን አኮረፍኩት። አንድ ቀን ቱንኔልባና በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ደረጃው ያለቀ መስሎኝ ስራመድ ለካ አንድ ይቀረው ኖሯል፤ ሰው መሃል ተዘረጋሁ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ኩራቴ ግን ከጉልበቴ የባሰ ተጎዳ።

ከሁሉም የከበደኝ የሰላም ነገር ነው። ሰላም እዚህ ነው ያደገችው። አማርኛዬን አንድ ሳይቀራት ትሰማለች፣ የምትመልስልኝ ግን በስዊድንኛ ነው፣ ያውም እየተጣደፈች። ይህን ሁሉ ዓመት ግማሹን በጆሮዬ፣ ግማሹን ከንፈሯን እያየሁ ነበር የምረዳት። ፊቷ እየደበዘዘ ሲሄድ ንግግሯም አብሮ ደበዘዘብኝ። በገዛ ቤቴ፣ ከገዛ ልጄ ጋር፣ "ምን አልሽ?" ባይ ሆንኩ።

በዚያ መሃል ነው ከደሴ ፎቶግራፉ የመጣልኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ታናሽ እህቴ "ይሄ ያንቺ ነው" ብላ በመንገደኛ እጅ የላከችልኝ ነው።

አባቴ፣ እኛ ልጆቹ አባባ የምንላቸው፣ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ደሴ ላይ፣ በሩ ላይ ሲቆሙ ጦሳ ተራራ ፊት ለፊት የሚታይበት ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረቻቸው። ያኔ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለም የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ አባባ በቀጭን ብሩሽ ጉንጩን ቀላ፣ ከንፈሩን ደመቅ ያደርጉና ልብሱን ደንበኛው በነገራቸው ቀለም ይቀቡታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ተቀምጬ የቀለም ጠርሙስ አቀብላቸው ነበር። የዚያ ቀለም ሽታና ከመንገዱ የሚመጣው የጋሪ ደወል አሁንም ድረስ አብረው ነው ትዝ የሚሉኝ።

"ዘውዴ፣ ሰማያዊውን" ይሉኛል እጃቸውን ዘርግተው፣ ቀና ሳይሉ። ከተቀበሉኝ በኋላ ደግሞ፣ "ይሄ ሰማያዊ ነው አይደል?" ይላሉ።

ቀለም ለይቼ እንዳውቅ የሚፈትኑኝ ስለሚመስለኝ ደረቴን ነፍቼ "አዎ አባባ፣ ሰማያዊ ነው!" እላለሁ።

እህቴ የላከችው ፎቶ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ለእንቁጣጣሽ የተሰፋልኝን ነጭ ኮሌታ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ፣ ሳቄን ለመቆጣጠር አፌን ገጥሜ። ቀለሙን የቀቡት አባባ ናቸው። ያን ቀሚስ ስንት አገር ተሰድጄ አልረሳሁትም። ፎቶው እጄ ሲገባ ግን ቀሚሱ ቡናማ ሆኖ ታየኝ፤ ኮሌታው ደግሞ የት እንደሚጀምር እንኳ አይለይም። በዘመን ብዛት ቀለሙ የለቀቀ መስሎኝ አለቀስኩ።

"ሰማያዊ ነበር" አልኳት ሰላምን።

"ሰማያዊ እኮ ነው ማማ" አለችኝ በስዊድንኛ።

ልታጽናናኝ ነው ብዬ አላመንኳትም። በመስታወት አሠርቼ ሳሎን ሰቀልኩት።

በኋላ መነጽር ቤት ሄድኩ፣ መነጽር ቤቱ ወደ ዓይን ክሊኒክ ላከኝ። ሐኪሟ አይታ ነገረችኝ፤ የዓይን ሞራ ነው፣ ሁለቱም ላይ፣ የቀኙ ክፉኛ ወፍሯል። "ሞራ" የሚለውን እኔ ነኝ በልቤ በአማርኛ ያልኩት፤ እሷ የስዊድኑን ስም ነው የጠራችው። የአባባ በሽታ መሆኑን ለማወቅ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ዓይኔን በመሣሪያ ለኩኝ፣ ምን መድኃኒት እንደምወስድ ጠየቁኝ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሳልነቃነቅ መተኛት እችል እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ከዚያ ተራሽ ሲደርስ እንጠራሻለን ብለው ሰደዱኝ። ወረፋው ወራት የሚፈጅ ነበር። አንድ ሰኞ ግን ስልክ ተደወለ፤ ሰው ቀርቶ ክፍት ቲድ፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ተገኝቷል፣ ሐሙስ ጠዋት ትመጫለሽ ወይ አሉኝ። ሰላም ከአጠገቤ ሆና "እሺ በይ! እሺ በይ!" ስትል እሺ አልኩ።

ረቡዕ ከሰዓት እልፍነሽ ከከተማው ሌላ ዳር፣ ከአካላ ድረስ መጣች። እልፍነሽ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት፣ የክርስትና እናት ያህል የምታዝዘኝ። የሷም ዓይን ሞራ አለበት፤ እሷ ግን "እኔ አገር ቤት ሄጄ ሙሉ ቼክአፕ ሳላደርግ ማንም አይነካኝም" ብላ ቲዷን ሰርዛለች። ይህ የእኛ የውጪዎቹ ልማድ ነው። አዲስ አበባ ለዕረፍት እንሄዳለን፣ ከዘመድ ጥየቃ ቀጥሎ ሙሉ ምርመራ እናደርጋለን፣ ከዚያ ራጁንም ውጤቱንም ያጨቀ ትልቅ ፖስታ ይዘን እንመለሳለን። የፖስታው ውፍረት የሐኪሙ ጉብዝና መለኪያ ነው። እዚህ አገር ሐኪም ዘንድ ሄደን ባዶ እጃችንን ስንወጣ "ምንም አላዩኝም" እንላለን።

"ደም ወሰዱ?" አለችኝ እልፍነሽ ገና ነጠላዋን ሳታወርድ።

"አልወሰዱም።"

"ልብሽንስ በማሽን?"

"አላዩም።"

"ደረት ራጅ?"

"ዓይኔን ለኩ፣ ጠየቁኝ፣ በቃ።"

"በስመ አብ!" አለች አማትባ። "የሚቆርጡሽ እኮ ነው! አገር ቤት ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ደም ይወስዳሉ። የነሱ እናት ብትሆን እንዲህ ያደርጋሉ? ያረጀ ጥቁር ሰው ነው ብለው ነው። እንዳትገቢላቸው ዘውድዬ፣ መጀመሪያ አገላብጣችሁ እዩኝ በያቸው።"

ሰላም ከማድ ቤት ብቅ ብላ በስዊድንኛ የሆነ ነገር አለች። ከንፈሯ ስላልታየኝ ምን እንዳለች አልገባኝም። የእልፍነሽ ግን ገብቶኛል፣ ምክንያቱም የእልፍነሽ ቃል የወደቀው ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። አባባን አውቃለኋ።

ሐሙስ ጠዋት በቀዩ መስመር ባቡር ወደ ከተማ ገባን። ሰላም ሙሉ መንገድ ክንዴን አልለቀቀችም። ክሊኒኩ ውስጥ ካባ ደርበውልኝ፣ ቆብ አድርገውልኝ፣ ወደ መጠበቂያው ክፍል ወሰዱኝ፤ ሰላምንም አብራ እንድትቀመጥ ፈቀዱላት። እንደ እኔው የደረቡ አሮጊትና ሽማግሌ በወንበር ተደርድረዋል፤ መልካቸው ባይለየኝም ሁሉም ነጭ ጸጉር እንደሆኑ ይታየኛል። ነርሷ እየዞረች ጠብታ ታደርግልናለች፤ የሚቀደደው ዓይን የትኛው እንደሆነ እንዳይሳሳቱ ከቀኝ ቅንድቤ በላይ ምልክት አደረገችብኝ። የምወስደውን መድኃኒት ደግማ ጠየቀችኝ፣ የደም ግፊቴን ለካች። መርፌ ትይዝ እንደሆነ ብዬ እጇን እጇን አያለሁ። መርፌ የለም። አንዱን ይጠራሉ፣ ብዙም ሳይቆይ ዓይኑን ሸፍኖ ይወጣል፣ ሌላውን ይጠራሉ። ፀጉር ቤት ነው የሚመስለው። የድሮ ቀልዴ ትዝ አለኝ፣ አላሳቀኝም።

"ዘውድነሽ" አለች ነርሷ፣ ስሜን እየሰባበረች።

ተነሣሁ። ሁለት እርምጃ ሄድኩና ቆምኩ።

"አልገባም" አልኩ።

"ማማ!" አለች ሰላም።

"መጀመሪያ ደሜን ውሰዱ። ልቤን እዩ። ደረቴን ራጅ አንሡ። ከዚያ በኋላ እገባለሁ። ካልሆነ ልብሴን ስጡኝ።"

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ነጭ ጸጉሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰላም ጆሮዬ ሥር "ማማ፣ ስኔላ" ብላ ለመነችኝ፤ እባክሽ ማለቷ ነው። ይህን ቲድ ከለቀቅሽ እንደገና ከወረፋው መጨረሻ ነው የምትጀምሪው፣ እስከዚያ እንደገና ብትወድቂስ፣ አለችኝ። ቆቡን ከራሴ ላይ አወለቅሁ፤ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ሳይለየኝ ወደ ብርሃኑ መራመድ ጀመርኩ። ነርሷ ሮጣ ሐኪሟን ጠራች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ከሰላም ብዙም አትበልጥ። በዚህ አገር አንቱታ የለምና ልጅም ሐኪምም "አንቺ" ነው የሚልሽ። ሌላዋን ብትሆን ሰዓቷን ታይ ነበር። እሷ ግን በርጩማ ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና እኔንም አስቀመጠችኝ።

"ደረትሽን ያምሻል?" አለችኝ።

"አያመኝም።"

"ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሻል?"

"ስድስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሊፍታችን ደግሞ ከሚሠራበት የሚበላሽበት ይበዛል። እወጣዋለሁ።"

"ሰሞኑን አዲስ ነገር ተሰምቶሻል? ሳል፣ ትኩሳት፣ ራስሽን መሳት?"

"የለም።"

"ታዲያ ደምሽን ለምን እንድወስድ ፈለግሽ?"

አፌ ላይ የመጣልኝን አልመለስኩትም። "እናትሽ ብትሆን ሳትመረምሪ ታስገቢያት ነበር? ጥቁር ስለሆንኩ ነው? አሮጊት ስለሆንኩ ነው?"

ሰላም ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም።

"እናቴን ባለፈው ዓመት እዚሁ፣ ይሄ ወንበር ላይ ነው ያስቀመጥኳት" አለችኝ። "ደሟን አልወሰድንም። ልቧንም አላየንም። ለቡና ቤቷ ገባች።"

"ስሚኝ" አለች ቀጥላ። "አናስተኛሽም። ዓይንሽን የምናደነዝዘው በጠብታ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ብትወስጂ፣ ስኳርሽ የሚያስቸግር ቢሆን፣ የሚያምሽ ነገር ቢኖር ሌላ ነበር፤ ለዚህ ነው ደጋግመን የምንጠይቅሽ። የሚያስፈልገውን ምርመራ አላስቀረንብሽም፤ ዓይንሽን በደንብ ለክተናል፣ የምናስገባልሽ ሌንስ የሚመረጠው በዚያ ልክ ነውና። ደምሽና ራጅሽ ግን ዛሬ የማደርገውን ነገር አንዱንም አይለውጡትም።"

"ቢገኝብኝስ?"

"ብዙ ከፈለግን አንድ ነገር አናጣም። በዚህ ዕድሜ የማንም ሰው ራጅ ላይ ትንሽ ጥላ ሊታይ ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም የማያመጣ። ከታየ ግን ዝም ማለት አልችልም፤ ለሌላ ምርመራ እልክሻለሁ፣ እዚያ ደግሞ ሌላ ወረፋ አለ። እስከዚያ ኦፕራሲዮንሽ ይቆማል። አንቺ ደረጃ ላይ ትወድቂያለሽ።"

ጥላ አለችኝ። ያን ቃል ከሐኪም አፍ የሰማሁት ያኔ፣ ልጅ ሳለሁ ነው። ደሴ ትምህርቴን ላጠናቅቅ ስቃረብ የአባባ ዓይን መጨለሙ ለማንም የማይደበቅ ሆኖ ነበር። ፎቶ ቤቷ ውስጥ ደንበኛ የሚያስቀምጡት በዳበሳ ነው። እጃቸውን ይዤ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወሰድኳቸው፤ ጉለሌ አክስቴ ቤት አረፍን። ሐኪሙ ዓይናቸውን በባትሪ አየና "ሞራ ነው አባቴ፣ ይወጣል" አላቸው። አባባ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። "ዘውዴ፣ አዲስ አበባን መጀመሪያ በዓይኔ የማየው ያንቺን ፊት ካየሁ በኋላ ነው" አሉኝ።

ግን መጀመሪያ ምርመራ ይደረግ ተባለ። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ራጅ፣ እያንዳንዱ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ ሰልፍ። አባባን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ እሰለፋለሁ። ራጁ ሲነበብ "ደረታቸው ላይ ጥላ ይታያል" አሉ። ይደገም ተባለ። ፊልም አልቋል ተባለ። ፊልሙ ሲመጣ አክታ ይመርመር ተባለ፤ አባባ አንድም ቀን ሲስሉ ሰምቼ አላውቅም፣ አክታ ከየት ይምጣ? ከበዓል በኋላ ኑ ተባልን። ከበዓል በኋላ ስንመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ራጅ የለም። አንድ ጠዋት አባባ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆም አሉ።

"ዘውዴ፣ እኔ የመጣሁት ለዓይኔ ነው" አሉኝ። "ሰዉ ሁሉ ደረቴንና ሆዴን አየው፣ ዓይኔን ያየልኝ የለም። ነይ እንሂድ አገራችን።"

"አባባ፣ ትንሽ እንታገሥ፣ አሁን እኮ ሊያልቅ ነው" አልኳቸው።

"አያልቅም" አሉ።

ተመለስን። ፎቶ ቤቷ ተዘጋች። ብዙም ሳይቆይ እኔ አገር ለቀቅኩ፤ አባባ ፊቴን ሳያዩት ነው የተሰናበቱኝ፣ በጣታቸው ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን ዳብሰው። እኔ ስዊድን ከገባሁ ከስንት ዓመት በኋላ በእርጅና አረፉ። ያ ጥላ አንድ ቀን እንኳ ሳያስላቸው።

ይህን ሁሉ ለሐኪሟ ነገርኳት፣ በተሰባበረ ስዊድንኛዬ፣ ቆቤን በእጄ እየጨመደድኩ። ሰላምም የሰማችው ያን ቀን ነው፤ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ስጨርስ ግን ራሴ ግራ ገባኝ። ዕድሜ ልኬን የማምነው ምርመራ ማለት በር ነው ብዬ ነው። በሩን ያለፈ ይታከማል፣ አባባ በሩን ማለፍ አቃታቸው። አሁን ይቺ ልጅ በር የለም ትለኛለች።

"እና ያ ጥላ ምንም አልነበረም?" አልኳት።

"እኔ እዚያ አልነበርኩም" አለች ሐኪሟ። "ያኔ ኦፕራሲዮኑም፣ ማደንዘዣውም ሌላ ነበር፤ ያዩዋቸው ሐኪሞች የፈሩት ነገር ይኖር ይሆናል። በእነሱ ላይ አልፈርድም። ግን አባትሽ ዛሬ፣ በእግራቸው ተራምደው፣ ሳይስሉ፣ እዚህ ክፍል ቢገቡ፣ እኔ አልመልሳቸውም ነበር።"

እኔ እንጃ፣ ያን ጊዜ የሆንኩትን እንዴት እንደምነግራችሁ። አባባ ከሞቱ ዘመን አልፏል፤ መርዶው የደረሰኝ በስልክ ነው፣ በወጉ አላለቀስኳቸውም። እዚያ በርጩማ ላይ፣ ካባ እንደለበስኩ፣ ስዊድናውያኑ ሁሉ እያዩኝ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ነርሷ "ጠብታው ታጠበ" ብላ ተጨነቀች። ሰላም አቀፈችኝ። ከትከሻዋ ላይ ቀና ስል በሩ ታየኝ፣ ብርሃኑ። አባባ ደክሟቸው ጥለውት የወጡትን ሕክምና እኔ ማንም ሳያዘኝ፣ ማንም ሳያንገላታኝ፣ በገዛ እጄ ጥዬ ልወጣ ኖሯል። ተናደድኩ፣ በራሴ። ቆቡን ሰጠኋት።

"እሰሪልኝ" አልኳት ነርሷን። "ጠብታውንም ድገሚው።"

ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ ብዙ የማወራው የለኝም፣ እልፍነሽን እስካሁን የሚያናድዳት ይሄው ነው። ፊቴን በጨርቅ ሸፈኑ፣ ብርሃን ብቻ ይታየኛል፤ ቀይ፣ ብጫ፣ ከዚያ እንደ ውሃ የሚንቀሳቀስ ነገር። አንዲት ነርስ ሙሉ ጊዜ እጄን ይዛለች። ዳዊት ልደግም ጀምሬ ገና ብዙም ሳልሄድ ሐኪሟ "አለቀ" አለች። ዓይኔ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከሰላም ጋር ወጣሁ። ለምሳ ቤቴ ነበርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሰላም ሥራዋን አርፍዳ መሸፈኛውን አነሣችልኝ። መጀመሪያ ያየሁት የሷን ፊት ነው። ልጄ አርጅታለች! ጆሮዋ አካባቢ ሽበት ጀምሯታል፣ ዓይኗ ሥር የድካም መስመር አለ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ተከተልኩት። "እታይሻለሁ?" ብላ ነበር በስዊድንኛ የምትጠይቀኝ። ጥርት ብሎ ገባኝ። መስኮቱ ውጭ ሐይቁ ተዘርግቷል። ሐይቅ ሰማያዊ መሆኑን ሰው ይረሳል? እኔ ረስቼው ነበር።

ከዚያ ወደ ሳሎን ዞርኩ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰማያዊ ቀሚስ አለ።

ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ፣ ሰማያዊ። ቀኙን ሸፈንኩ፣ ቡናማ። እንደገና፣ ሰማያዊ። ቀለሙ አልለቀቀም ነበር። ሰላምም አላጽናናችኝም፣ እውነቷን ነበር። ፎቶውን ከግድግዳው አወረድኩና መስኮቱ ጋ ወስጄ አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት። ያኔ ነው ያየሁት። ሰማያዊው ከቀሚሱ ዳር አልፏል። ነጩ ኮሌታ ላይ ወጥቷል፣ ከኮሌታውም አልፎ አንገቴ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ ከመስመሩ ውጭ ፈሷል። ከአባባ እጅ እንዲህ ያለ ሥራ ወጥቶ አያውቅም። ደሴ ላይ መስመር የማያልፍ ብሩሽ ያላቸው እሳቸው ነበሩ።

ይህ ፎቶ ሲነሣ እኛ ገና ምንም አናውቅም ነበር። እሳቸው ግን ያን ጊዜም አያዩም ነበር። "ይሄ ሰማያዊ ነው አይደል?" ሲሉኝ ፈተና አልነበረም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ይህን ለምታነቡልኝ፣ በተለይ እንደ እኔ ወፍራም ፖስታ ለምትወዱ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ምርመራ አትቀበሉ አላልኩም። ባለፈው የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሐኪም ደሜን ሲፈልግ ለምን እንደሆነ ነግሮኝ እጄን ዘርግቻለሁ። ግን ጠይቁ። "ውጤቱ ክፉ ቢሆን የምታደርጉልኝን ነገር ይለውጠዋል ወይ?" በሉ። ከለወጠው ደማችሁን ስጡ። ካልለወጠው ተዉት። ጥያቄም፣ መስማትም፣ በርጩማ ስቦ ፊት ለፊት መቀመጥም ምርመራ ነው። እኔን ያን ቀን ያዳነኝ እሱ ነው። ማሽን አልነበረም።

እልፍነሽ ቅዳሜ ደወለችልኝ። "ደም ሳይወስዱ?" አለች። "ሳይወስዱ" አልኳት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የክሊኒኩን ስልክ ስጪኝ እስቲ" አለችኝ።

ግራ ዓይኔም ተሠርቷል አሁን። ፎቶው ወደ ቦታው ተመልሷል። ሰሞኑን ሰላም ፊቱ ቆማ ስታየው ቆየችና፣ በኮምፒውተር እንዲስተካከል ላደርግልሽ እችላለሁ አለችኝ፣ ያለፈውን ቀለም አጥፍተው ወደ መስመሩ ይመልሱታል፣ አዲስ ይመስላል።

"ማንም አይንካው" አልኳት። "አባባ ሳያዩኝ የቀቡኝ እኮ ነው።"

ሰላም እንደ ልማዷ በስዊድንኛ ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ ተወችው። መስታወቱን በእጅጌዋ ጠርጋ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፤ ሁለታችንም እናየው ጀመር።